ኩርባው ላይ የት ልቁም? ለኮምቦልቻው ፎቶግራፈር

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂው ሠርግና ምርቃት የሚያነሳ ወጣት ፎቶግራፈር ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በኮረት መንገድ ላይ የመኪናና የሞተር ሳይክል ውድድር ሊደረግ ነው፤ አዘጋጆቹ ፎቶ እንዲያነሳላቸው ጠርተውታል። እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ቦታውን ሄጄ አየሁት። አንድ ሹል ኩርባ አለ። መኪናው ተንሸራቶ አቧራ የሚያስነሳው እዚያ ስለሆነ ፎቶውም የሚያምረው እዚያ ነው። በኩርባው ውጭ በኩል የድንጋይ እርከን አለ። ከእሱ ጀርባ ተንበርክኬ በ70-200 ሌንስ ባነሳ ችግር አለው? አንጸባራቂ ሰደርያ እንሰጥሃለን ብለውኛል። ሌላስ ምን ልያዝ?»

ወንድሜ፣ ቦታውን ቀድመህ ሄደህ ማየትህ ሸጋ ነው። ብዙ ሰው ይህን አያደርግም። ግን እርከኑ ጀርባ አትቁም። ተንበርክከህም ሆነ ቆመህ፣ እዚያ አትሁን። የቀረውን ብትረሳ እንኳ ይህችን ያዝልኝ፦ ቦታህን የምትመርጠው መኪናው ሲሳካለት በየት እንደሚያልፍ አይተህ ሳይሆን፣ መንገድ ሲስት የት እንደሚያርፍ አይተህ ነው። ፎቶው ከዚያ በኋላ ይታሰብበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮረት ላይ መኪና በፍጥነት ኩርባ ሲገባ ጎማው መሬቱን መያዝ የሚያቅተው ጊዜ አለ። ያኔ መሪው የቱንም ያህል ቢጠመዘዝ መኪናው ሲመጣበት በነበረው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቀጥ ብሎ ሲሄድ የሚያገኘው ደግሞ የኩርባውን ውጭ ነው፤ አንተ የመረጥከውን ቦታ ማለት ነው። ፍሬን እምቢ ሲልም እንዲሁ ነው። ሞተር ሳይክል ሲሆን ይብሳል፤ ነጂውና ሞተሩ ይለያያሉ፣ ሞተሩ እየተገለባበጠ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ ቀድሞ መገመት አይቻልም።

አሁን ጊዜውን እናስላው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይሄዳል። በ100 ከሆነ ወደ 28 ሜትር ይጠጋል። ከአንተ 30 ሜትር ርቀት ላይ መንገድ ቢስት አጠገብህ ለመድረስ አንድ ሴኮንድ ከምናምን ይበቃዋል። ሰው አደጋን አይቶ፣ አደጋ መሆኑን ተረድቶ፣ እግሩን እስኪያነሳ ድረስ ብቻውን አንድ ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። ተንበርክከህ ከሆነ መነሳቱ አለ። አንገትህ ላይ ካሜራ አለ። ስለዚህ «ሲመጣ እሸሻለሁ» የሚለው ሐሳብ አይሠራም። የሚያድንህ ሩጫህ ሳይሆን መኪናው ከመምጣቱ በፊት የቆምክበት ቦታ ነው።

በዚያ ላይ ዓይንህ ካሜራው ውስጥ ነው። ሌንሱን እስከ መጨረሻው አቅርበህ በ200 ሚሊ ሜትር ላይ ስታነሳ የምታየው የዓለም ስፋት በሙሉ ፍሬም ካሜራ፣ ማለትም ምስል ተቀባዩ ሴንሰር ትልቅ በሆነው፣ 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በትንሹ ሴንሰር ደግሞ ወደ 7 ይወርዳል። ከዚያች ጠባብ መስኮት ውጭ ያለው ሁሉ ለአንተ የለም። ሌንሱ መኪናውን ያቀርብልሃል እንጂ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ አይነግርህም። መኪናው ፍሬሙን እየሞላ ሲመጣ ደግሞ ፎቶግራፈር የሆነ ሰው ደስ ይለዋል እንጂ አይፈራም። አደገኛው ይህ ነው።

የሠርግ ልማድህንም እዚህ ላንሳው፤ የሙያ ጓደኞቼ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው። ሠርግ ላይ ፎቶግራፈር ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ ወደኋላ ይራመዳል። ሙሽሮቹ ወደ እሱ ይመጣሉ፣ እሱ ወደኋላ ይሄዳል፣ ሰውም ገለል ይልለታል። እጅና እግሩ ይህን ለምዷል፤ ሳያስበው ነው የሚያደርገው። ውድድር ላይ ግን ወደኋላ ስትራመድ ማንም ገለል አይልልህም። ቦይ አለ፣ ገደል አለ፣ ሌላ የውድድር መንገድ ሊኖርም ይችላል። ደንቡ አጭር ነው፦ ስትራመድ ካሜራው ወደ ታች፣ ስታነሳ እግርህ ተተክሎ። ሁለቱን አንድ ላይ አታድርግ።

እርከኑን ደግሞ እንደ መከላከያ አትቁጠረው። የእኛ አገር እርከን ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ ድንጋይ ነው። አፈር እንዲይዝ እንጂ መኪና እንዲያቆም አልተሠራም። መኪና ሲመታው ድንጋዩ ራሱ ወደ አንተ ይወረወራል። ከመኪናው የከፋው እሱ ነው። ያገለገለ ጎማ ደርድረው «ይህ መከላከያ ነው» ቢሉህም አንድ ላይ በብሎን ወይም በማሰሪያ መያያዙን እይ፤ ካልተያያዘ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ይበራል። ትክክለኛ የብረት አጥር ባለበት ትልቅ ውድድር ላይ እንኳ ልምድ ያለው ፎቶግራፈር አጥሩን አይደገፍም፤ አጥሩ ሲመታ ወደኋላ ስለሚለጠጥ ክፍተት ትቶ ይቆማል። አጥር ያለውን ሁሉ አያስቆምም። እ.ኤ.አ. በ2001 በሜልበርን የአውስትራሊያ ፎርሙላ ዋን ውድድር ላይ ሁለት መኪናዎች ተጋጭተው አንድ ጎማ ተገነጠለ። በአጥሩ ላይ በነበረች ጠባብ ክፍተት አልፎ አንድ የመስመር አስተናባሪ ገደለ። ያን ሁሉ ገንዘብ ባፈሰሰ ውድድር ላይ ነው ይህ የሆነው።

ታዲያ የት ልቁም ነው ጥያቄህ። የወሎ መንገድ አንድ ነገር ሰጥቶሃል፦ ተራራ ተቆርጦ የተሠራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል ቁርጥ ዳገት፣ በሌላው በኩል ቁልቁለት ነው። ዳገቱን ምረጥ። ከመንገዱ ደረጃ በታች ፈጽሞ አትቁም፤ መንገድ የሳተ መኪናም የሚፈናጠር ድንጋይም ወደ ታች ነው የሚወርደው። ከዳገቱ ጫፍ ላይ ሳይሆን ከጫፉ መለስ ብለህ፣ ከመንገዱ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ሜትር ከፍ ብለህ ቁም። ጫፉ ላይ ያለው አፈር በዝናብ የተቦረቦረ ሊሆን ስለሚችል ቀድመህ በእግርህ ሞክረው።

ከዚያ ከኩርባው ውስጠኛ ጎን፣ ኩርባው ከሚጀምርበት በፊት ያለውን ክፍል እይ። መኪናው ፍሬን ይዞ፣ አፍንጫው ወደ መሬት ጎንበስ ብሎ፣ ጎማው ተጠምዝዞ ሲመጣ ከዚያ ታገኘዋለህ። «ይርቃል» እንዳትለኝ። ሒሳቡን ሥራው፦ ከ40 ሜትር ርቀት፣ በ200 ላይ፣ ሙሉ ፍሬም ካሜራ 7 ሜትር ገደማ ስፋት ይይዛል። በትንሹ ሴንሰር 5 ሜትር አይሞላም። የተለመደ የቤት መኪና ርዝመቱ 4 ሜትር ከምናምን ነው። ማለትም ከ40 ሜትር ላይ መኪናው ፍሬምህን ይሞላዋል። ሌንስህ ያለህ ለዚህ ነው። ፍጥነትን በፎቶ የሚያሳየው ቅርበት ሳይሆን የሹተር ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን ለማስገባት ክፍት የሚቆይበት ጊዜ ነው። 1/125 ሴኮንድ ላይ አድርገህ መኪናውን በካሜራህ እየተከተልክ ስታነሳ ከኋላው ያለው ግራርና ኮረብታ ይደበዝዛል፣ መኪናው ጥርት ይላል። እጅህ ሲለምድ ወደ 1/60 ውረድ። በ1/1000 ከሁለት ሜትር ብታነሳው ግን ጎማው የቆመ ይመስላል። ሕይወትህን ያስያዝክበት ፎቶ ጋራዥ በር ላይ የቆመ መኪና ይሆንብሃል። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ የሳፋሪ ራሊ የሚባል የመኪና ውድድር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ተጀምሮ፣ በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና የተመለሰ። ውድድሩ በሚካሄድበት ናይቫሻ አካባቢ ከሚነሱት ፎቶዎች ውስጥ ለእኔ የሚበልጡት ከሩቅ፣ ከነአቧራው፣ ከነግራሩ የተነሱት ናቸው።

የውስጠኛው ጎን ስላልኩህ ግን ተዘናግተህ ጥጉ ላይ እንዳትለጠፍ። ተወዳዳሪ ሰዓት ለመቆጠብ ኩርባውን ይቆርጣል። ያኔ የውስጥ ጎማው ከመንገድ ወጥቶ ድንጋይ ይፈነጥቃል። ጥግ ላይ የተቀበረ ድንጋይ ከመታም መኪናው ወደ ውስጥ ሊገለበጥ ይችላል። ጥጉን ለድንጋዩ ተውለት። እንዲሁም ረጅም ቁልቁለት መጨረሻ ላይ ያለ ኩርባ፣ ጉብታ ተዘልሎ የሚታረፍበት ቦታ፣ ቀጥ ያለ መንገድ የሚያልቅበት ራስጌ፤ እነዚህን ሁሉ ሰርዛቸው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚወረድበትን መንገድ የከባድ መኪና ሾፌሮች ምን ያህል ተጠንቅቀው እንደሚወርዱት ታውቃለህ። ደጋግሞ የተረገጠ ፍሬን ይግላል፣ ሲግል ይደክማል። የውድድር መኪናም ፍሬኑ ብረት ነው።

ቦታህን ከመረጥክ በኋላ መሸሻህን አጽዳ። አጽዳ ስልህ የምሬን ነው። ቁልቋልና እሾህ ካለ ቁረጥ፣ ልቅ ድንጋይ ካለ አንሳ፣ ከዚያ ካሜራህን ይዘህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሂድበት። ጀርባህ ገደል ወይም ግድግዳ ከሆነ መሸሻ የለህም፤ ቦታው ተበላሽቷል ማለት ነው። አትቀመጥ፣ አትንበርከክ፣ አትጋደም። ትራይፖድ ቤትህ ይቅር። ከጎንህ አንድ ሰው ይኑር፤ ካሜራ ያልያዘ፣ ስልክ የማይነካ፣ ሥራው መንገዱን ማየት ብቻ የሆነ። «ና!» ሲልህ ለምን ሳትል ትከተለዋለህ። በእኔ እምነት ከአዲስ ሌንስ ይልቅ ለዚህ ሰው አበል መክፈል ይሻላል።

አቧራውን ለብቻው ላንሳው፤ ኮምቦልቻ በበጋ ስትደርቅ ታውቀዋለህ። ነፋስ ከሌለ አንዱ መኪና ያስነሳው አቧራ ሳይበተን ሁለተኛው ይደርሳል። አንተ መኪናውን ካላየኸው ሾፌሩም አንተን አያይህም፣ መንገዱንም አያይም። ስለዚህ አዘጋጆቹን በመኪናዎቹ መነሻ መካከል ስንት ደቂቃ እንዳለ ጠይቅ። አቧራው በዚያ ደቂቃ ውስጥ የማይበተን ከሆነ ተነስተህ ወደ ላይ ውጣ። ጠዋት ፀሐይ ዝቅ ብላ የሾፌሩን ዓይን በምትመታበት ሰዓትም እንዲሁ። ወደ ደሴ በኩል ከተጠራህ ደግሞ ጉም ነው ጉዳይህ። ከጦሳ ተራራ የወረደ ጉም በአምስት ደቂቃ ውስጥ ኩርባውን ይውጠዋል። ድምፅ ላይ አትተማመን፤ ተራራ መካከል ድምፁ ያስተጋባል፣ ከላይ ይምጣ ከታች አትለየውም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ሰው አንተን ይከተላል። ትልቅ ካሜራ የያዘ፣ ሰደርያ የለበሰ ሰው አንድ ቦታ ሲቆም ተመልካቹ «ጥሩው ቦታ ያ ነው፣ ደህናውም ያ ነው» ብሎ ያስባል። ልጆቹን ደግሞ ታውቃቸዋለህ። ካሜራ ካዩ «አንሳኝ! አንሳኝ!» እያሉ እግርህ ሥር ናቸው። አንዱ ትንሽ ልጅ ከሌንስህ ፊት ገብቶ ጥርሱን ያሳይሃል፣ ታላቁ እጁን ይዞ ይጎትተዋል፣ ሌሎች አምስት ከኋላ ይጨመራሉ። አንተ በሁለት እርምጃ ዳገት መውጣት ትችላለህ። ያ ሕፃን አይችልም። ስለዚህ ቦታ ስትመርጥ «እኔ እዚህ እችላለሁ ወይ» ብቻ ሳይሆን «ሃያ ልጆች ተከትለውኝ ቢመጡ እዚህ ደህና ናቸው ወይ» ብለህ ጠይቅ። መልሱ አይ ከሆነ ቦታው ለአንተም አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1986 በፖርቱጋል ራሊ ላይ ሕዝቡ መንገዱ ውስጥ ገብቶ ቆሞ ነበር፤ ፎቶ ለማንሳት፣ መኪናውን በእጁ ለመንካት የሚጠጋም ነበረበት። አንዱ ተወዳዳሪ ከሰው ሊያመልጥ ሲል መኪናው ከቁጥጥሩ ወጣና ሕዝቡ መሀል ገባ። ሦስት ሰው ሞተ፣ ከ30 በላይ ቆሰለ። የዓመቱ አደጋዎች ተደማምረው ግሩፕ ቢ የሚባሉት እነዚያ ኃይለኛ መኪናዎች ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ ታገዱ።

ለልጆቹ ጩኸት አይበቃም፣ ዱላም መፍትሔ አይሆንም። ከውድድሩ በፊት የሰፈሩን ሽማግሌዎች አነጋግር። አንድ የተከበሩ ሸህ ወይም አባት «ልጆች፣ ወደ ላይ ውጡ» ካሉ፣ ከአስር ፊሽካ ይበልጣል። ልጆቹን ደግሞ ውድድሩ ሳይጀመር ሰብስበህ አንሳላቸው፣ ፎቶውን አሳያቸው፤ ግማሹ ጥድፊያ ያኔ ይበርዳል። መንገዱ የገበያ መንገድ ከሆነም ቀኑን አጣራ። አህያና ግመል የሞተር ድምፅ ሲሰማ የሚደነብርበት አቅጣጫ አይታወቅም።

ሰደርያውን በተመለከተ፣ ልበሰው፤ ግን ሥራው እንድትታይ ማድረግ ብቻ ነው። የሚመጣ መኪና አያቆምልህም። ቀለሙን እይ። ደማቅ ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ ሌላ ጠይቅ። ቢጫ ባንዲራ ለተወዳዳሪው «ፊት ለፊት አደጋ አለ፣ ቀንስ፣ አትቅደም» ማለት ነው፤ ቀይ ደግሞ ውድድሩ ቆሟል ማለት ነው። ሾፌር በፍጥነት ሲመጣ ዳር ላይ የሚውለበለብ ቢጫ ልብስ ባንዲራ ሊመስለው ይችላል። አንተም ባንዲራዎቹን እወቃቸው። ቢጫ ሲውለበለብ ካየህ ካሜራህን አውርደህ ዙሪያህን እይ። ፍላሽ ወደ ሾፌሩ ዓይን አታብራ።

መኪኖቹ የሚጠገኑበት ግቢ ውስጥ ስትገባ ደግሞ ሰው ሁሉ ይዝናናል። አትዝናና። እ.ኤ.አ. በ2013 በጀርመን ፎርሙላ ዋን ላይ፣ መኪኖች ጎማ በሚቀይሩበት መተላለፊያ፣ ከተወዳዳሪው ማርክ ዌበር መኪና በደንብ ያልታሰረ ጎማ ወልቆ እየነጠረ ሄደና ጀርባውን ሰጥቶ ይቀርጽ የነበረ ካሜራማን መታው። ሰውየው የትከሻና የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ተረፈ። ከዚያ በኋላ በውድድርና በማጣሪያ ሰዓት የሚዲያ ሰው በዚያ መተላለፊያ እንዳይቆም ተደረገ። አንተም ለሚንቀሳቀስ መኪና ጀርባህን አትስጥ። ጎማ ሲፈታና ሲታሰር ከጎን ሳይሆን ራቅ ብለህ አንሳ።

መንገድ መሻገር ላይ ምንም ድርድር የለም። ከውድድሩ በፊት መንገዱን የሚከፍት መኪና፣ ከመጨረሻው ተወዳዳሪ በኋላ ደግሞ የሚዘጋ መኪና መኖር አለበት። መዝጊያው እስኪያልፍ ድረስ አትሻገር። «አንዱ አለፈ፣ ሌላው ሩቅ ነው» አይባልም። አደጋ ደርሶ፣ መኪና ተገልብጦ እያየህም ቢሆን አትሩጥ። እ.ኤ.አ. በ1977 በደቡብ አፍሪካ ካያላሚ አንድ የ19 ዓመት አስተናባሪ የእሳት ማጥፊያ ይዞ፣ ዳር ላይ የቆመ መኪና ሊረዳ ብሎ፣ መስመሩን ሲሻገር ቶም ፕራይስ የተባለው ተወዳዳሪ በሙሉ ፍጥነት ደረሰበት። ልጁ ሞተ። የእሳት ማጥፊያው የፕራይስን ራስ መትቶት እሱም ሞተ። የቆመው መኪና ሾፌር ግን ምንም አልሆነም ነበር። አንተ መጀመሪያ ባንዲራ ያዡ እንዲያውቅ አድርግ፣ ውድድሩ ሲቆም ነው የምትጠጋው። የተጎዳ ሰው ፎቶም ቤተሰቡ ሳይሰማ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ አይወጣም፤ ይህን ለራስህ ቃል ግባ።

ከአዘጋጆቹ ጋር ገንዘብ ከመነጋገርህ በፊት የምትጠይቃቸው ነገሮች አሉ። የደህንነት ኃላፊው ማነው? አምቡላንስ ቦታው ላይ ይቆማል ወይስ «እንጠራለን» ነው? ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ዳገት ነው፤ ደም ለሚፈሰው ሰው «እንጠራለን» መልስ አይሆንም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ ግን የሾፌሩን የራሱን ስልክም ያዝ። እኔ ብጎዳ ማን ነው የሚያሳክመኝ፣ ኢንሹራንስ አለ ወይ? በጽሑፍ ይሁን። ተራ የመኪና ኢንሹራንስ ውድድር ላይ ለደረሰ ጉዳት ይከፍላል ብለህ አትገምት። ለእነዚህ መልስ ከሌላቸው ሥራውን አትቀበል። ቅር ይላቸዋል፣ ሌላ ፎቶግራፈርም ይጠሩ ይሆናል። ይጥሩ። ያን ሌላ ልጅ የምታውቀው ከሆነ ደግሞ ለእሱም ደውለህ ንገረው።

የምትይዘው ቀላል ነው። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ ውኃ፣ ኮፍያ፣ ቻርጅ የሞላ ስልክ፣ ደም ማቆሚያ ንጹሕ ጨርቅ። ጆሮ ማዳመጫ አይኑርህ። የካሜራውን ማንገቻ አሳጥረው፤ ቁጥቋጦ ላይ ተጠልፎ እንዳይዝህ። የት እንደምትቆም ለደህንነት ኃላፊው ንገረው፣ ቦታ ስትቀይርም እንደዚያው።

አብሽር፣ ይህ ሁሉ ሥራህን አይከለክልህም፤ ጥሩ ፎቶ ታነሳለህ። አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። ነገ ተመልሰህ ሂድና ኩርባውን በስልክህ አንሳው። ከኩርባው በፊት ያለውን መቶ ሜትር፣ ዳገቱን ከታች ወደ ላይ፣ ከዚያ ዳገቱ ላይ ወጥተህ ወደ መንገዱ፣ በመጨረሻም ከጀርባህ ያለውን። መኪናዎቹ ከየት ወደየት እንደሚሄዱም ጻፍልኝ። እሱን አይቼ የትኛው ነጥብ ላይ እንደምትቆም ምልክት አድርጌ እመልስልሃለሁ።